ቲቸር እስቲ፦ አርባ ዓመት በአንድ የሳይንስ ክፍል

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እናታችን፣ እህታችንና መምህራችን፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ በስተጀርባ ከተደረደሩት ባለ ሁለት ክፍል ቤቶች በአንዱ፣ ጥር 9 ቀን 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ሲሆኑ፣ ከእሳቸው በኋላ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ተከትለዋል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው የሁሉም ታናሽ የሆነችው እህታቸው ናት።

ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር። ካስተማሯቸው ልጆች መካከል ግን ያንን ስም የሚያውቅ ቢፈለግ ከጥቂት አይበልጥም። ልጅ ጥያቄ በጠየቃቸው ቁጥር መልሱን ከመናገር ይልቅ «እስቲ እንየው» ማለት ስለሚቀናቸው «ቲቸር እስቲ» ተባሉ። ስሙ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ ገበያ ገባ፤ ከገበያም ቤታቸው ድረስ ተከተላቸው። ባለቤታቸው እንኳ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠሯቸው ሲኮራረፉ ብቻ ነበር።

ቲቸር እስቲ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ባሉ ትምህርት ቤቶች ተከታትለዋል። የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ከአባታቸው የስፌት መኪና አጠገብ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ ቀን አባታቸውን፣ «የእጅ መርፌ ቀዳዳው ከላይ ሆኖ ሳለ የመኪናው መርፌ ቀዳዳው ለምን ከጫፉ ሆነ?» ብለው ጠየቋቸው። አባትየው መኪናውን አቁመው መርፌውን እንደ አዲስ ነገር ካዩት በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔ የተማርኩት መስፋቱን ነው፤ ምክንያቱን አንቺ ተማሪና ንገሪኝ» አሏቸው። ቲቸር እስቲ ይህን ቃል እንደ አደራ ይዘው አደጉ።

በ1963 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ፋኩልቲ ተመደቡ። ከሰፈሩ ልጆች ለዚህ የበቃ አልነበረምና ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ራሱ ልጅ ተደሰተ። አባታቸው ከደንበኛ የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ቆጥበው ጉርድ ቀሚስ ሰፉላቸው። ትምህርቱ ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው ግን፣ ሻንጣው ተዘጋጅቶ በር ሥር እንደተቀመጠ፣ አባታቸው የስፌት መኪናቸው ላይ ድፍት አሉ። ከዚያ ቀና አላሉም።

ከቀብሩ በኋላ አጎታቸው ቤተሰቡን ሰብስበው፣ «ዩኒቨርሲቲው የትም አይሄድ፤ እነዚህ ልጆች ግን ማደግ አለባቸው» አሉ። የመጨረሻዋ ልጅ ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ቲቸር እስቲ ሻንጣቸውን ፈትተው ልብሳቸውን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሱ። ተዪው ብሎ ያዘዛቸው ማንም አልነበረም። አትተዪው ያላቸውም አልነበረም።

አጎታቸው እውነታቸውን ነበር። ዩኒቨርሲቲው የትም አልሄደም። የአንድ ዓመት የመምህራን ሥልጠና ወስደው በ1965 ዓ.ም. በአንድ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር ሲጀምሩ፣ ወደ ሥራ የሚወስዳቸው አውቶቡስ በዚያው በዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ነበር የሚያልፈው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ያዩታል። አጥሩ ሲታደስ፣ ዛፎቹ ሲቆረጡ፣ አዲስ ሕንፃ ሲቆም አዩ።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚሁ አውቶቡስ ነው። ባለቤታቸው የመስመሩ ሹፌር ነበሩ። ይህቺ መምህርት ቦታ ሞልቶ ሳለ ሁልጊዜ ከሹፌሩ ኋላ በግራ በኩል ስትቀመጥ በመስታወት ያዩና ልባቸው ይሞቃል። በኋላ ላይ ለዘመድ ሁሉ ሲያወሩት፣ «እኔ ለእኔ ብላ መስሎኝ ስንት ቀን ጢሜን ተላጨሁ! ለካ እሷ አጥሩን ነው የምታየው» ይሉ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ተጋቡ፤ በ1974 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንድሞቻቸውንና ታናሽ እህታቸውን በየተራ እያስተማሩ ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል።

የቲቸር እስቲ ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ የመጨረሻው ነበር። ሁለት መስኮት፣ አንድ የማይዘጋ ቁም ሣጥንና መሐሉ የተሰነጠቀ ጥቁር ሰሌዳ ነበረው። ማይክሮስኮፕ የሚባል ነገር አልነበረውም። ስለዚህ ቲቸር እስቲ በየዓመቱ፣ በባለቀለም ጠመኔ፣ በአንድ የኩሬ ውሃ ጠብታ ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታትን ሰሌዳው ሙሉ ይሥሉ ነበር። ሥዕሉ ከመማሪያ መጽሐፉ ሥዕል ያምር ስለነበር የሌላ ክፍል መምህራን ሳይቀሩ ለማየት ይመጡ ነበር። ሃያ ዓመት እንዲህ አስተማሩ።

በ1985 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከዩኒቨርሲቲው አንድ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ደረሰ። ለሁለተኛ ዲግሪያቸው ምርምር የሚያደርጉ ወጣቶች፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ዓመት፣ ከሳይንስ መምህራን ጋር ተጣምረው እንዲያስተምሩ የሚጋብዝ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጉርምርምታ ተነሣ። አንዱ «ሊገመግሙን ነው» አለ፤ ሌላው «ጢም ያላበቀለ ልጅ መጥቶ ሊያስተምረን?» አለ። ቲቸር እስቲ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ብዕር ለመኑና ማንም ሳይቀድማቸው ፈረሙ።

የተመደበላቸው ወጣት የሐይቅ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳትን የሚያጠና ነበር። ዛሬ አንቱ የተባሉ ትልቅ ሰው ሆነው እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋልና ይቅርታ ይደረግልን፤ የያኔውን ስናወራ በያኔው አጠራር «እሱ» እንላለን። ሐሙስ ቀን መጣ። ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ሰሌዳው ዞሮ፣ ጀርባውን ለልጆቹ እንደሰጠ፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ጻፈ። የፊተኛው ረድፍ አዛጋ፤ የኋላው ተኛ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ጨረሱ?» አለችው።

ቲቸር እስቲ ልጆቹ ወጥተው እስኪያልቁ ጠበቁ። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ልጄ፣ የምታውቀውን ሁሉ ዛሬ ካፈሰስከው በሚቀጥለው ሐሙስ ምን ይዘህ ትመጣለህ?»

«ቲቸር፣ እኔ ከሰው ጋር መሥራት አልችልበትም» አለ፤ ላቡን እየጠረገ። «ሁለት ዓመት ከጭቃ ጋር ነው የኖርኩት። ጭቃ ደግሞ አያፈጥብኝም።»

«እንግዲያው አንተ ትንሽ ዝም በልና ጭቃውን አምጣው።»

በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ ባልዲ ጭቃ፣ አራት የሻይ ማጥለያና ከፋኩልቲው በፊርማ የተዋሰውን አንድ ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ። ባልዲውን ከሚያጠናው ሐይቅ ያመጡለት የቲቸር እስቲ ባለቤት ናቸው፤ በአውቶቡሱ የፊት ወንበር፣ እንደ ክቡር ተሳፋሪ አስቀምጠው። ልጆቹ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ነክረው የሚላወስ ነገር ባገኙ ቁጥር ይጮኹ ነበር። በዚያን ቀን ለወጣቱ «ዶክተር ጭቃ» የሚል ማዕረግ ሰጡት። ዩኒቨርሲቲ ዶክተር እስኪለው ሌላ ስምንት ዓመት ጠብቋል።

ርዕሰ መምህሩ የኮሪደሩን ወለል አይተው እየሮጡ መጡ። «ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ እርሻ?» ቢሏቸው፣ ቲቸር እስቲ «ገና አልወሰንንም» አሏቸው። ከዚያም በማይክሮስኮፑ እንዲያዩ ጋበዟቸው። ርዕሰ መምህሩ ዓይናቸውን እንደደቀኑ ቀሩ፤ የዚያን ቀን የዕረፍት ደወል አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ተደወለ።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ዶክተር ጭቃ ዕቃውን ሲሰበስብ፣ ቲቸር እስቲ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ አላየሁም» አሉት። ቀኑን ሙሉ ልጆቹን ሲያሰልፉ፣ ሲያስጠብቁ፣ ተራ ሲያስይዙ ውለው ራሳቸው አላዩም ነበር። ወጣቱ ሌላ ጠብታ ውሃ አዘጋጀላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«ይንቀሳቀሳል እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ቲቸር፣ በሕይወት አለ እኮ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ቆሞ ነው የሣልኩት» አሉ።

በአርባ ዓመታቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩትን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ሴት ፊት ቆሞ፣ ዶክተር ጭቃ ማድረግ የቻለው መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጭ መመልከት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ዓመታት ቲቸር እስቲ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያወሷቸው የኖሩ ናቸው። እሳቸው እሱን በልጆች ፊት መቆምን አስተማሩት፤ ጥያቄ ጠይቆ መታገሥን፣ «አላውቅም» ማለት እንደማያሳፍር። እሱም እሳቸውን ማየትን አስተማራቸው፤ ያዩትን በቀንና በሰዓት መጻፍን፣ የጠበቁት ነገር ሲጠፋ አለመዋሸትን። ተማሪዎቻቸው ከትምህርት ቤቱ በታች የሚያልፈውን ወንዝ በየወሩ እየለኩ፣ ከየድንጋዩ ሥር ምን እንደሚኖር እየቆጠሩ ይመዘግቡ ነበር። ታናሽ እህታቸው ያን ጊዜ ለጥየቃ ስትመጣ፣ እራት ላይ የሚወራው ሁሉ ስለ ጭቃ ነበር። ታላቅ እህቷ እንደዚያ ጉንጫቸው ቀልቶ ሲያወሩ ከዚያ በፊት አይታ አታውቅም።

በሁለተኛው ዓመት ዶክተር ጭቃ አንድ ሐሳብ አመጣ። «ቲቸር፣ ለምን አይመዘገቡም? ቦታዎ እኮ እዚያ ነው» አላቸው። ባለቤታቸውም «እኔ ምግብ አበስላለሁ፤ እንዳልሞት ብቻ ጸልዩልኝ» ብለው ፈቀዱ። ያን አባታቸው የሰፉላቸውን ሰማያዊ ጉርድ ቀሚስ ለብሰው፣ የድሮ የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ወረቀቱን አገላብጦ፣ ለመደበኛ ትምህርት የተወሰነ ዕድሜ እንዳለ ነገራቸው። «እናቴ፣ ዕድሜዎ አልፏል።»

«መቼ እንዳለፈ እኔም አላየሁትም» አሉትና አመስግነው ወጡ።

ዶክተር ጭቃ ግን አልተወም። አስተማሪውን ለምኖ ቅዳሜ ቅዳሜ በላቦራቶሪው እንዲገኙ አስፈቀደላቸው። ያለ ምዝገባ፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ምስክር ወረቀት አንድ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ አልቀሩም። የሚለብሱት ነጭ ጋዎን ደረቱ ላይ የሌላ ሰው ስም የተጠለፈበት ነበር። አንድ ቀን አንድ እንግዳ በዚያ ስም «ዶክተር» ብሎ ቢጠራቸው አቤት ብለዋል። ቤት ሲመለሱ ይህን ለባለቤታቸው ነግረው በጣም ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ተነሥተው ዕቃ ማጠብ ጀመሩ።

በ1987 ዓ.ም. ፕሮግራሙ ጊዜው አበቃ። ዶክተር ጭቃ ዲግሪውን ይዞ ለሦስተኛው ወደ ሩቅ አገር ሄደ። ማይክሮስኮፑ ወደ ፋኩልቲው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ቲቸር እስቲ ለሐሙስ ቀን የተለየ ቦታ ነበራቸው። ሐሙስ የታመመ ሰው አይጠይቁም፣ ስብሰባ አይቀመጡም፤ ልጆቹን ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ። የዶክተር ጭቃ ደብዳቤ ሰባት ዓመት መጣ። በደብዳቤው ስለሚያያቸው ሐይቆች ይጽፍላቸዋል፤ እሳቸውም ስለ ወንዛቸው ቁጥሩን ሳይቀር ይጽፉለታል። ከዚያ ደብዳቤው ራቀ፤ ቆየና ቀረ። «ሥራ በዝቶበት ነው» ይሉ ነበር። «እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንኳን እኔን፣ እህል ውሃም ይረሳል።»

እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በየዓመቱ መስከረም ሲገባ ወደ ፋኩልቲው ሄደው የዲኑን በር ያንኳኳሉ። «አንድ ልጅ ስጡኝ» ይላሉ። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ላይ የጉዲፈቻ ጉዳይ መስሏት ወደ ሌላ ቢሮ ልካቸዋለች። በዚህ ልመና፣ ፕሮግራም ሳይኖር፣ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ተመራማሪዎች በዚያች በኮሪደር ጫፍ ክፍል አልፈዋል። አንዷ የብረት ዝገት የምታጠና ነበረች፤ ድምፅዋ ከሁለተኛው ረድፍ አያልፍም ነበር። ቲቸር እስቲ ከክፍሉ መጨረሻ ቆመው «አልሰማሁም» እያሉ አንድ ወር አስጮኋት። ዛሬ በሺህ ሰው ፊት ትናገራለች። ዘጠኙም ተምረው ወደ ላቦራቶሪያቸው ተመለሱ። ቲቸር እስቲ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው እየሸኙ፣ አውቶቡሱ ከዓይን እስኪጠፋ ቆመው ያዩ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ትምህርት ቤቱ የራሱን ማይክሮስኮፕ አገኘ። በ2004 ዓ.ም.፣ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ አንድ ሐሙስ ቀን ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው በክፍሉ በር ቆመ። ቲቸር እስቲ ጠመኔያቸውን እንደያዙ፣ «ጭቃ!» አሉ። ማዕረጉን እንኳ አላስታወሱም።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ወስደውት ሻይ አቅርበው፣ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ «በል ንገረኝ፤ አሁን የምታየው ምንድን ነው?» አሉት። ሰውየው ብርጭቆውን አዞረ፣ አዞረ። ምርምሩን ከተወ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ለሆስፒታሎች ዕቃ በሚያቀርብ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ሆኗል። ደብዳቤ ያቆመውም ይህን መጻፍ አፍሮ ነው።

ቲቸር እስቲ ተነሥተው የመስኮቱን መጋረጃ አስተካከሉ፤ ያልተዛነፈ መጋረጃ።

«ቲቸር፣ ተቀየሙኝ?»

«አልተቀየምኩህም። ቀንቼብህ ነበር» አሉ። «አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በላቦራቶሪ ወንበር ላይ ተቀምጠህ በሐሳቤ እያየሁህ ስቀና ኖርኩ። ወንበሩ ባዶ ነበር ለካ።»

በሚቀጥለው ሐሙስ እንግዳው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከልጆቹ ጋር ወንዝ ውስጥ ቆሞ ታየ። ቲቸር እስቲ ከዳር ሆነው የሃያ ዓመቱን መዝገብ አስረከቡት። በእሳቸውና በየዓመቱ ተማሪዎቻቸው እጅ የተጻፈ፣ አንድም ወር ያልተዘለለበት ነበር። ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እስከ ቀትር አነበበው። ከድርጅቱ ጋር የቀረው የሁለት ዓመት ውል ሲያበቃ ሥራውን ለቆ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ የእሳቸው ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ወደ ስድስት ትምህርት ቤቶች ይሄዳሉ። «እሳቸው» ማለታችንን ልብ በሉ፤ አንቱታቸውን መልሰናል።

ቲቸር እስቲ በ2005 ዓ.ም. ከአርባ ዓመት አገልግሎት በኋላ በክብር ጡረታ ወጡ። የልጅ ልጆቻቸውን አሳደጉ፤ ከባለቤታቸው ጋር በየማታው በእግር ተንሸራሸሩ። ከቤት ይርቃል ቢባሉም መንገዳቸው ሁልጊዜ በዩኒቨርሲቲው አጥር በኩል ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የልብ ሕመም አደረባቸው። በአገር ውስጥ ያለው ሕክምና ሁሉ ተደረገላቸው፤ ሴት ልጃቸውም ከአጠገባቸው አልተለየችም። በመጨረሻው ጥር፣ ታናሽ እህታቸው ጠዋት ጠዋት እየመጣች ፀጉራቸውን ታበጥርላቸው ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ልትጠይቃቸው እየፈለገች ያልደፈረችው አንድ ጥያቄ ነበራትና፣ ከጀርባቸው ሆና፣ ፊታቸውን ሳታይ ጠየቀቻቸው።

«እትዬ፣ እኛ ባንኖር ኖሮ ትማሪ ነበር፣ አይደል?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ማለትሽ ነው፣ እናንተ ናችሁ ዲግሪዬ» ይል ነበር። ቲቸር እስቲ ለልጅ ዋሽተው አያውቁም፤ ላሳደጓት እህታቸውም አልዋሹም።

«አዎ» አሉ። «እማር ነበር። በጣም እማር ነበር።»

ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው፣ ማበጠሪያ የያዘውን እጇን ያዙና ማበጠሩን እስክትቀጥል ድረስ አልለቀቁትም።

ቲቸር እስቲ ማክሰኞ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ባሉበት በሰላም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ሦስት ወንድሞችና አንዲት እህት፣ ዘጠኝና አንድ ተመራማሪዎች፣ ቁጥራቸው የማይታወቅ ተማሪዎችም ትተው አልፈዋል።

በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁን፣ ዛሬም ሥራችሁን ጥላችሁ ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ ውለታችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን። ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ብርታቱን ይስጥልን። አፈሩ ይቅለላቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ እዚህ ሳሉ ለማየት የጓጉለትን፣ ያላዩትንም ሁሉ ያሳያቸው።